ከደጃዝማቹ እወለዳለሁ

በአማርኛ ሰባ ዓመት የሞላው ሽማግሌ «እወለዳለሁ» ቢል የሚደነግጥ የለም። ጋቢውን ወደ ትከሻው መለስ አድርጎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እኔ እኮ ከደጃዝማች እገሌ እወለዳለሁ» ይላል። ተወልዶ፣ ክርስትና ተነሥቶ፣ አግብቶ፣ ጡረታ ወጥቶ፣ የልጅ ልጅ ታቅፎ ሲያበቃ ገና ሊወለድ ነው። የሚሰማውም ሰው «መቼ?» አይለውም። የሚለው «በማን በኩል?» ነው።

ይህን ግሥ ለቅሶ ቤትም፣ ሠርግ ቤትም፣ ማኅበር ላይም ጆሮ ሰጥቼ እከታተለዋለሁ። ሥርዓት አለው። «ከ» የሚሸከመው ስም ማዕረግ ይፈልጋል። ራስ ወይም ደጃዝማች ቢሆን ይመረጣል፤ ካልተገኘ ፊታውራሪም ቀኛዝማችም ያገለግላል፤ እሱም ከታጣ አንድ አለቃ ወይም መምሬ አይጠፋም። «ከአንድ አህያ ነጂ እወለዳለሁ» ያለኝ ሰው ግን የለም። አህያ ነጂ አያት ስለጠፋ አይደለም፤ ለአህያ ነጂው ሌላ ግሥ ስለተመደበለት ነው። «አንዱ አያቴ እንኳ ነጋዴ ነገር ነበሩ» ተብሎ ይታለፋል። ደጃዝማቹ ከሞቱ መቶ ዓመት አልፏቸው ዛሬም ይወልዳሉ። አህያ ነጂው ነበሩ፤ አለቀ።

«ይወለደኛል» የሚለው እርባታ ደግሞ የሚንቀሳቀሰው በምሽት ዜና ነው። ሰውየው የተሾመ ማግስት የሚወለዳቸው ሰዎች ከየአቅጣጫው ይነሣሉ፤ አያቶቻቸው ከአያቱ ጋር የወንድማማች ልጆች ሆነው ይገኛሉ። የተሻረ ዕለት ዝምድናው ወደ ጋብቻ ይዛወራል፦ «በሚስቱ በኩል ነው እንጂ የሥጋስ አይደለም።» ከታሰረ ደግሞ «የአንድ አገር ሰዎች ነን» ተብሎ በአገር ልጅነት ይቋጫል። ይህን ሁሉ መንገድ ለመጓዝ አንዳንዴ ስድስት ወር ይበቃል።

እንግሊዞች ለዚሁ ጉዳይ የሚጠቀሙበት ግሥ «መውረድ» ነው። ሰው ከቅድመ አያቱ ይወርዳል፤ አያቶች ላይ ተቀምጠዋል፣ ልጆች ታች ናቸው። እኛም መውረዱን አናጣውም፤ ርስቱም፣ ተረቱም፣ የሆድ ሕመሙም «ሲወርድ ሲዋረድ» ነው የሚደርሰን። ሆኖም ሽማግሌያችን ስለ ራሱ ሲያወራ «ወረድኩ» አይልም፣ ብልህ ነው። ከደጃዝማች ወርደህ የት ደረስክ የሚል ጥያቄ ይመጣላ! ልጆች ላይ ሲደርስማ ጭራሽ አቅጣጫው ይገለበጣል፤ ልጅ አባቱን ይወጣል እንጂ አይወርድም። ከክፍሉ አንደኛ የወጣ ዕለት አባቱን ወጣ። የጎረቤት መስኮት የሰበረ ዕለት የእናቱን ወንድም ወጣ። በእናቱ ዘመዶች ቤት ፍርዱ የሚሰጠው ተገልብጦ ነው።

እንግሊዞች በዚህ መውረድ የተነሣ አንድ ጊዜ ክፉኛ ተቃቅረዋል። ዳርዊን ስለ ፍጥረታት አመጣጥ የጻፈውን መጽሐፍ ካሳተመ ጥቂት ወራት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1860፣ ኦክስፎርድ ላይ ጉባኤ ተቀምጠው ነበር። እንደሚተረከው ጳጳሱ ሳሙኤል ዊልበርፎርስ የዳርዊንን ወዳጅ ቶማስ ሃክስሊን፣ ከዝንጀሮ የምትወርደው በወንድ አያትህ በኩል ነው ወይስ በሴት አያትህ ብለው ጠየቁት። ሃክስሊ መልሱን ሰጥቷል፤ ታላቅ ተሰጥኦውን እውነትን ለማድበስበስ ከሚያውል ሰው ከመወለድ ዝንጀሮ ይሻለኛል የሚል መንፈስ ያለው መልስ ነው። እኔ ግን ከመልሱ ይልቅ ጥያቄውን ወደድኩት። ሰውየው የእንግሊዝ ጳጳስ ሆነው ሳለ የጠየቁት የኛን አገር ሽማግሌ ጥያቄ ነው፦ በማን በኩል?

አሜሪካኖች ደግሞ የሚኮሩበት መርከብ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1620 ሜይፍላወር በተባለች መርከብ 102 መንገደኞች ውቅያኖስ ተሻገሩ፤ ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያው ክረምት አለቁ። ከተረፉት እወለዳለሁ የሚሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1897 ማኅበር አቋቋሙ፤ እስከ ዛሬም አባል ለመሆን እያንዳንዱን ትውልድ በልደት፣ በጋብቻና በሞት ወረቀት እያያያዙ እስከ መርከቧ ድረስ መውጣት ያስፈልጋል። በዚያች መርከብ ላይ ጆን ሃውላንድ የሚባል ወጣት ነበር። ሎሌ ነው፤ ጌታው ጆን ካርቨር ይባላል። ማዕበል ሲነሣ ከመርከቧ ወደ ባሕር ወደቀ፣ የተንጠለጠለ ገመድ አገኘና ጨብጦ ተረፈ። ያንን ገመድ ባይጨብጥ ኖሮ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት አይኖሩም፤ ሁለቱ ቡሾችም አይኖሩም። ሁሉም ከእሱ ይወለዳሉና። አሜሪካ ውስጥ ሎሌ በአራት መቶ ዓመት ደጃዝማች ይሆናል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሹመት የሚሰጥ ማኅበር የለም፤ ሎሌውን ዝም ብለን ከቆጠራው እናወጣዋለን።

ነገሩ የሽማግሌ ጨዋታ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ሕገ መንግሥታችን ውስጥ ገብቶ አንቀጽ ይዞ ነበር። የ1923ቱም የ1948ቱም ሕገ መንግሥት ዘውዱ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በሚወለዱት በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘር ላይ እንዲጸና ከደነገጉ በኋላ፣ የሣህለ ሥላሴ ሐረግ ሳይቋረጥ ከቀዳማዊ ምኒልክ፣ ማለትም ከንግሥተ ሳባና ከንጉሥ ሰሎሞን ልጅ እንደሚመጣ ያስረዳሉ። «ሳይቋረጥ» የምትለዋን ቃል በሰው ምስክር አስረዳ ቢባል የማይልበው ጠበቃ የለም። እኔን ግን የሚደንቀኝ የሰሎሞን ርቀት አይደለም፤ የሣህለ ሥላሴ ቅርበት ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከእሳቸው የሚወለዱት በአባታቸው በራስ መኮንን እናት፣ በወይዘሮ ተናኘ ወርቅ ሣህለ ሥላሴ በኩል ነው። እንግዲህ በንጉሠ ነገሥቱ ቤት እንኳ ሐረጉ አባት፣ አባት እያለ ሲወጣ ቆይቶ አንድ ቦታ ላይ ወደ ሴቷ ታጠፈ። ንጉሥ ያለው በዚያ በኩል ነበርና።

ንጉሥ በየትም በኩል ከታጣ ደግሞ ይፈለጋል። ዐፄ ቴዎድሮስ ገና ካሣ ሳሉ ባላንጣዎቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሳለቁባቸው ነበር። በ1847 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑ በኋላ ግን ወደ ሰሎሞን የሚያደርስ ሐረግ አልጠፋም። ኮሶ ሻጯ ሴትዮ ምን አጠፉ? አገሩ በሙሉ ጥሬ ሥጋ እየቆረጠ ኮሶ ሲጠጣ በኖረበት ዘመን ኮሶ መሸጥ መድኃኒት ቤት እንደ መክፈት ነው። ዛሬ ቢሆን የልጅ ልጆቻቸው «እኛ እንኳ ከፋርማሲስት ነው የምንወለደው» ብለው ይኩራሩ ነበር።

ይህ ሁሉ ቆጠራ ለክብር ብቻ ነበር ብሎ የሚያስብ የከተማ ልጅ ነው። በጎጃምና በጎንደር ገጠር መወለድ እህል ያበላ ነበር። መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው ሰው ዋና አባት ይባላል። ከዋናው አባት በአባቴም ሆነ በእናቴ በኩል እወለዳለሁ ብሎ ቆጥሮ ያስረዳ ሁሉ ከርስቱ ድርሻ መጠየቅ ይችል ነበር። ሰው ደግሞ አንድ ዋና አባት ብቻ የለውም፤ በእናቱ አባት በኩል ወንዝ ማዶ፣ በአባቱ እናት በኩል ተራራው ሥር፣ በአያቱ እናት በኩል ስሙን እንጂ መንገዱን በማያውቀው አጥቢያ ውስጥ ይወለዳል። ሁሉንም ማረስ አይችልምና አንዱን ይመርጣል፤ የሚመርጠው ለም የሆነውን ወይም የዘመዶቹ ጉልበት የደከመበትን ነው። ከዚያ ክስ ይጀመራል። ክሱ ራሱ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ ነበር፤ ልጁ መሬቱን ባይወርስ እንኳ ሙግቱን ይወርሳል። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚባለው ችሎቱ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ከሚያውቅ ሰው የመጣ ይመስለኛል።

በዚህ ሙግት ውስጥ እጅግ የሚከበረው ዳኛው አልነበረም፤ ቆጣሪው ሽማግሌ ነበር። ማን ማንን እንደወለደ፣ የትኛዋ ልጅ የት ተድራ እንደሄደች፣ የትኛው ወንድም ያለ ልጅ እንደሞተ በቃሉ የያዘ ሰው። እንዲህ ያለ ሰው ያለ ጠላ ደርቆ አያውቅም፤ ሁለቱም ወገን ይጋብዘዋል። የማስታወስ ችሎታውም እንደ ግብዣው ነው። ያለ ልጅ ሞተ የተባለው ወንድም ሁለተኛው ማድጋ ሲቀርብ አንዲት ልጅ ትገኝለታለች።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ። ርስት ቀረ፤ ግሡም ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ ደመወዝ ያገለግላል። ያ ዘመን ደግሞ የራሱ ቅጽ ነበረው። ከደጃዝማቹ ሲወለድ የኖረው ሰው የሕይወት ታሪክህን ጻፍ ሲባል «ከድሃ ገበሬ ቤተሰብ ተወለድኩ» ብሎ ጀመረ። አህያ ነጂዎቹ አያቶች ሥልጣን የያዙት በዚያን ጊዜ ብቻ ነው። ያም ቢሆን አብዛኛው ሰው «ተወለድኩ» አለ እንጂ «እወለዳለሁ» ለማለት አልደፈረም። ደርግ ሲወርድ ደጃዝማቾቹ ከነማዕረጋቸው ተመለሱ፤ የድሃ ገበሬው ቤተሰብ የት እንደደረሰ የጠየቀ የለም።

እስቲ አንድ ጊዜ ሒሳቡን እንሥራው። ቤተ ክህነትም ባህልም ለጋብቻ ሰባት ቤት ቁጠሩ ይላሉ። ሁለት ወላጆች አሉኝ፣ አራት አያቶች፣ ስምንት ቅድመ አያቶች። ከዚያ በላይ ያሉትን ምንጅላት፣ እንጅላት እያሉ የሚጠሩ አዛውንቶች አሉ። በየቤቱ እጥፍ እየሆነ ሰባተኛው ላይ 128 ሰው ይደርሳል። ደጃዝማቹ ከ128ቱ አንዱ ናቸው። የቀሩት 127 ሰዎች አንድም ቀን ሳይወልዱኝ ቀርተዋል። ከነዚህ ውስጥ 64ቱ ሴቶች ናቸው፤ የስንቶቹን ስም አውቃለሁ ብዬ ራሴን ብጠይቅ ጣት ማጠፍ ሳልጀምር አበቃለሁ። ሴት በቆጠራ ውስጥ ስሟ የሚነሣው ትልቅ ሰው ወደሚገኝበት ማዶ መሻገሪያ ስትሆን ነው፤ ወይዘሮ ተናኘ ወርቅንም ያወሳናቸው በዚሁ ምክንያት ነው።

ወደ ላይ እንቀጥል። ሃያኛው ትውልድ ላይ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ይሆናል፤ ልኩ 1,048,576 ነው። ሠላሳኛው ላይ ከአንድ ቢሊዮን ያልፋል። አንድ ትውልድ 25 ዓመት ቢባል ይህ ወደ 750 ዓመት ይወስደናል፤ ይኩኖ አምላክ በነገሡበት በ1262 ዓ.ም. አካባቢ ማለት ነው። ያኔ ደግሞ በዓለም ሁሉ ቢሊዮን ሰው አልነበረም። ስለዚህ አንዱ ሰው በሐረጌ ውስጥ ሺህ ጊዜ ይመላለሳል፤ በእናቴም በአባቴም፣ በደጋውም በቆላውም ይመጣል። የየል ዩኒቨርሲቲው የስታቲስቲክስ ሊቅ ጆሴፍ ቻንግ እ.ኤ.አ. በ1999 ይህን በሒሳብ አሳይቷል፤ በቂ ርቀት ወደ ኋላ ከተሄደ፣ ዘሩ እስከ ዛሬ የቀጠለለት ሰው ሁሉ የሁላችንም አያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ባሕሩን፣ ተራራውንና የሰውን ካገሩ አለመራቅ ጨምረው ቢያሰሉትም የሰው ልጆች ሁሉ የሚገናኙበት አያት ከጥቂት ሺህ ዓመታት የራቀ ሆኖ አላገኙትም።

እንግዲህ ከንጉሥ ሰሎሞን እወለዳለሁ የሚለውን ሰው ውሸታም ልንለው አንችልም። ሰሎሞን ዘራቸው እስከ ዛሬ ቀጥሎ ከሆነ ሰውየው ሳይወለድ አይቀርም። የሚያናድደው ጎረቤቱም መወለዱ ነው። ዘበኛውም፣ የታክሲው ረዳትም፣ ሊስትሮውም። ሰው ደግሞ ከንጉሥ የሚወለደው ብቻውን ለመወለድ ነው።

የሒሳቡ ሌላ ፊት ብዙም አያስቅም። ከ128ቱ ውስጥ ደጃዝማች ካለ ሸማኔም አለ፣ ብረት ቀጥቃጭም፣ ሸክላ ሠሪም አለች። አገሩ እነዚህን ሰዎች ከመናቁ የተነሣ ዐፄ ምኒልክ ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ የሚጽፈውን ሰው የሚሰድብ እንዲቀጣ ዐዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ባሪያም አለ። ባርነት በሕግ ጨርሶ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ የዛሬ አዛውንቶች አባቶች ሙሉ ሰው ሆነው ያዩት ዘመን ነው። በየቤቱ «አሳዳጊያችን ነበሩ»፣ «ከእኛ ጋር ያደጉ ናቸው» እየተባለ ስማቸው የሚነሣ፣ ልጅ ወልደው አባቱ ያልተነገረላቸው ሴቶች ነበሩ። የልጆቻቸው ልጆች ዛሬ ከማን እንደሚወለዱ ሲጠየቁ በሌላ በኩል ነው የሚቆጥሩት። እኔም ሳልሆን አልቀርም።

ውጭ አገር ያሉት ዘመዶቻችን ደግሞ በማይጠበቅ መንገድ አያት ይሾማሉ። ሰውየው ቨርጂኒያ ገብቶ የመጀመሪያውን ቅጽ ሲሞላ «የቤተሰብ ስም» የምትል ሳጥን ይገጥመዋል። የቤተሰብ ስም የለውም፤ ያለው ስሙና የአባቱ ስም ነው። የአባቱን ይጽፋል። ሚስቱ የአባቷን ትጽፋለች። እዚህ ተወልዶ የሄደው ልጃቸው የአባቱን ስም ይዞ ነው የገባው፤ ስለዚህ በአንድ ቤት ሦስት «ቤተሰብ» ይኖራል። ትምህርት ቤቱ ባልና ሚስቱ የተፋቱ እየመሰለው በሁለት ፖስታ ደብዳቤ ይልካል። ባልየው ይሰለቸውና እዚያ የሚወለዱት ልጆች ሁሉ በአባቱ ስም እንዲጠሩ ያደርጋል። አባትየው ያ አህያ ነጂ ናቸው። ባሕር ማዶ ይቅርና ከአውራጃቸው ወጥተው የማያውቁ ሰው፣ የማያውቋቸው ልጆች በእንግሊዝኛ እያጣመሙ በስማቸው ይጠሩባቸዋል፤ ምናልባትም ለመቶ ዓመት። ደጃዝማቹ ቅጹ ላይ ቦታ አላገኙም።

የአባት ስም ብቻ ይዞ የሚኖር አገር እኛ ብቻ አይደለንም። አይስላንዶችም እንደ እኛ ናቸው፤ ልጅ በአባቱ ወይም በእናቱ ስም ይጠራል፣ የስልክ ማውጫቸውም የተደረደረው በራስ ስም ነው። ሕዝቡ ጥቂት መቶ ሺህ፣ ደሴቱም ሩቅ ስለሆነ ሁሉም ይወለዳል። ሐረጋቸውን እስከ መጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች የሚከተል ትልቅ የኮምፒውተር መዝገብ አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ወጣቶች መዝገቡን ወደ ስልክ አመጡት። ሐሳቡ ጭፈራ ቤት የተዋወቁ ወንድና ሴት ስልኮቻቸውን እንዲያነካኩ ነበር። ቅርብ ዘመድ ከሆኑ ስልኩ ይጮኻል፤ ሁለቱም ቤት ቤታቸው ይገባሉ።

ይህን መጽሔት ላይ አንብቤ ለአንድ ዘመዳችን ሽምግልና በሄድኩበት ቤት ባወራ፣ አንድ አዛውንት «ታዲያ እኛ ምን ልንሠራ መጣን?» ብለው ዘጉኝ። እውነታቸውን ነው። እኛ ስልክ አያስፈልገንም ነበር፤ ሁለት ቆጣሪ ተቀምጧል፣ አንድ ከወንዱ፣ አንድ ከሴቷ ወገን። መጀመሪያ ግን መከባበር አለና እያንዳንዱ ወገን ቤቱን አስተዋወቀ። የኛ ሰው ልጁ በአባቱ እናት በኩል ከአንድ ስመ ጥር ፊታውራሪ እንደሚወለድ አስረዱ። ሰውየው ያዘመቱትን፣ ያበሉትን፣ ያሠሩትን ቤተ ክርስቲያን ቆጠሩ። የሴቷ ወገን ቆጣሪ በዝምታ ሰምተው ሲያበቁ ሳል አሉና «እኛም እኮ ከእሳቸው ነው የምንወለደው» አሉ።

ቤቱ ጸጥ አለ። የልጅቷ አባት ጉልበታቸውን ያሹ ጀመር። ካህኑ በጣታቸው ቆጠሩ፤ አምስተኛው ቤት ላይ ይገናኛሉ። ሰባት አይሞላም። ልጁና ልጅቷ ጓዳው በር ላይ ቆመው እየሰሙ ነበር፤ አዳራሹ ተከፍሏል፣ ካርዱ ታትሟል።

መጀመሪያ የተናገሩት የኛ ሰው ናቸው። «እንደው ነገሩን ስናየው...» አሉ፣ «እኛስ ከፊታውራሪው የምንወለደው በእንጀራ ልጃቸው በኩል ይመስለኛል። የሥጋ አይደለም።»

የሴቷ ወገን ቆጣሪ አልተበለጡም። «እኛም ብንሆን» አሉ፣ «የወንድማቸው ወገን ሳንሆን አንቀርም። ሰው ሲናገር ሰምተን ነው እንጂ እሳቸውንስ እንጃ!»

አንዲት ባልቴት ከጥግ ሆነው «ኧረ እኔ በልጅነቴ ስሰማ ፊታውራሪው ጭራሽ አልወለዱም ነው የሚባለው» ብለው ጨረሱት። ካህኑ ጣታቸውን ዘርግተው እንደገና ከአንድ ጀመሩ፤ ዘጠኝ ድረስ ቢቆጥሩም የሚገናኝ ሰው አጡ። ቡና ቀረበ፤ ሠርጉ እንደታሰበው ለጥር ጸና።